ጅራታም ኮከብ ያመጣው ጉንፋን

አዲስ በሽታ ከተነሳበት አገር እኛ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል። መሳፈር አለበት፣ ድንበር መሻገር አለበት፣ የሚያድርበት ሰው ማግኘት አለበት። ማብራሪያው ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በሽታው ገና ስም ሳይወጣለት፣ ተመራማሪዎቹ አጉሊ መነጽር ላይ ተደፍተው “ምንድን ነው?” ሲባባሉ፣ የሰፈራችን ዐዋቂ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራውና ስንት እንደተከፈለው ጭምር ተንትኖ ጨርሷል። አቦሉ ላይ የተከፈተው መዝገብ በረካው ሳይቀዳ ይዘጋል።

ይህን ሰው የማያውቅ የለም። መኪናው እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ “መካኒክ ይየው” ይላል። ጥርሱን ሲያመው ደህና ሐኪም ፍለጋ ከተማውን ያስሳል። የቫይረስ አመጣጥ ላይ ሲደርስ ግን የማንም ምክር አያሻውም። “ጋሼ፣ ይህን ከየት ሰሙት?” ብትሉት ድምፁን ዝቅ፣ ዐይኑን ወደ በሩ ወርወር አድርጎ “ይህ እንዲህ በአደባባይ አይነገርም” ይላችኋል፤ ከዚያም እዚያው በአደባባይ ይነግራችኋል። ማስረጃ ስትጠይቁት ማስረጃው እንደተደበቀ ይገልጽላችኋል። “መደበቁን በምን አወቁ?” ስትሉት፣ “ባይደበቅማ ይገኝ ነበር!” ይላል። እንዲህ ያለ ሙግት አይረታም፤ ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም አንድ ሰው ነው።

በኮሮናው ጊዜ የታዘብኩት ደግሞ ይብሳል። ሰኞ ዕለት “የለም፣ ውሸት ነው፣ ያው ጉንፋን ነው” ያሉ ሰው ሐሙስ ዕለት “ሆን ብለው ሠርተው ነው የለቀቁብን” ሲሉ ሰማኋቸው። የሌለውን በሽታ እንዴት አድርገው ሠሩት ብዬ ልጠይቅ ከጅሎኝ ነበር፤ ተውኩት። ዕድሜያቸው ከእኔ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ በእጃቸው የያዙት ነጭ ሽንኩርት በዚያ ሰሞን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረምና ሰውየውን ማስቆጣት ደግ አልመሰለኝም።

“ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር” ይላል ያገራችን ሰው። ልክ ነው። ብቻ ስንጥር ፈላጊው ገንፎውን ማየት፣ ማንኪያ አንስቶም ማማሰል ይጠበቅበታል። ገንፎው ገና ምድጃ ላይ ሳለ “ስንጥር አለበት” ብሎ የሚምል ሰው ጠርጣራ አይባልም፤ መጀመሪያውኑ ገንፎ የማይወድ ሰው ነው።

አመሉ ያልተማረውን ብቻ የሚይዝ እንዳይመስለን። የተማረውን ሲይዘው ይከፋል፤ ቀመርና ሠንጠረዥ ይጨመርበታልና። ፍሬድ ሆይል የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበር። እንዲሁ በቀላሉ የሚታይ ሰው አልነበረም። በደማችን ያለው ብረት፣ በአጥንታችን ያለው ካልሲየም በከዋክብት ሆድ ውስጥ እንደተሠራ ካስረዱት ሊቃውንት ከፊተኞቹ ተርታ ነው። የዓለም አጀማመር ዛሬ “ቢግ ባንግ” የሚባለው እሱ እ.ኤ.አ. በ1949 በቢቢሲ ሬዲዮ እንዲያ ብሎ ስለጠራው ነው፤ ሐሳቡን ራሱን ግን አይቀበለውም ነበር፤ እስኪሞትም አልተቀበለው።

ይህ ታላቅ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ከባልደረባው ከቻንድራ ዊክራማሲንጌ ጋር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ነገር ሲጠቀለል፣ ኢንፍሉዌንዛን የመሳሰሉ በሽታዎች በጅራታም ኮከቦች አቧራ ተሳፍረው ከሰማይ ይወርዱብናል የሚል ነው። ሁለቱ ሊቃውንት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በኢንፍሉዌንዛ የታመሙ ተማሪዎችን ቆጠሩ። የሕመምተኛው ብዛት ከማደሪያ ማደሪያ የተለያየ ሆኖ አገኙት። ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይዘበራረቅም ነበር አሉ። ታዲያ ከየት መጣ? ቀና ብለው አዩ።

የመጽሐፉ ጌጥ ግን የአፍንጫው ነገር ነው። የሰው አፍንጫ ቀዳዳው ወደ ታች የሆነው ከላይ የሚዘንበው ተሕዋስ በቀጥታ እንዳይገባበት ነው ይላሉ። ይህን የጻፉት በቀልድ አይደለም። ሐምሌ ላይ ፒያሳ ቆሞ ታክሲ የጠበቀ ሰው ሁሉ ለአፍንጫ አቀማመጥ ጅራታም ኮከብ እንደማያስፈልግ ያውቃል፤ ዝናቡ ራሱ ይበቃል።

ሐሳቡ የወደቀው በሳቅ ብቻ አይደለም። ቫይረስ ብቻውን ሆኖ መባዛት አይችልም፤ የሚባዛው የሌላ ፍጡር ሕዋስ ውስጥ ገብቶ፣ በዚያው ሕዋስ መሣሪያ ተጠቅሞ ነው። ለዚህ ከሕዋሱ ጋር የተስማማ መሆን አለበት፤ መስማማት ደግሞ አብሮ በመኖር ብዛት የሚመጣ ነው። ከዚህም በላይ ቫይረስ ዘሩ ይቆጠራል። የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረሶች የዘር ሐረግ ሲመዘዝ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው በየሐይቁ ዳር በሚኖሩ ዳክዬዎችና ሌሎች የዱር የውሃ ወፎች ዘንድ ነው፤ በመንገዱም አሳማ ቤት ጎራ ይላል። ትናንት ከሰማይ የወረደ እንግዳ ደግሞ ዳክዬ ዘንድ አጎት፣ አሳማ ዘንድ አክስት ሊኖረው አይችልም።

ሆይል እ.ኤ.አ. በ2001 አረፈ፤ ሐሳቡ ግን አላረፈም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ ሲነሳ ዊክራማሲንጌና ባልደረቦቹ፣ ይህም ከሰማይ የመጣ ሊሆን ይችላል የሚል ደብዳቤ ላንሴት በተባለው ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ኮሮና ሲመጣም ጣታቸውን የቀሰሩት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በሶንግዩዋን ሰማይ ላይ በታየ ተወርዋሪ ኮከብ ላይ ነው። ሶንግዩዋን ከዉሃን ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንግዲህ ተሕዋሱ ከሰማይ ወርዶ፣ ቤጂንግን የሚያህል ከተማ በአጠገቡ አልፎ፣ መርጦ መርጦ አንድ የባሕር ምግብና የዱር እንስሳ የሚሸጥበት ገበያ አካባቢ ማረፉ ነው። ደላላ ያለው ይመስላል።

የሳርስን ዱካ ሰማይ ሳያዩ የተከተሉ ሰዎችም ነበሩ። መጀመሪያ በቻይና፣ በጓንግዶንግ ገበያዎች፣ ዝባድ የምትሰጠን የእኛዋ ጥርኝ ዘመድ በሆነች አውሬ ላይ ቫይረሱን አገኙት። እሷም ከሌላ እንደተቀበለችው ጠርጥረው ወደ ሌሊት ወፍ ዞሩ። ከዚያ ዋሻ ለዋሻ እየዞሩ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ እየሰበሰቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የቫይረሱ ክፍሎች በሙሉ በአንድ የዩናን ዋሻ የሌሊት ወፎች ላይ እንደሚገኙ አሳተሙ። ለዚህ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። “ከሰማይ ወረደ” ለማለት ግን አንድ ደብዳቤ በቃ።

ዕድሜውን ሙሉ ሰማይ ሲያይ የኖረ ሰው በሽታውንም ከሰማይ ማግኘቱ አይገርምም። “በሽታው ከየት መጣ?” ተብሎ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው ስለ በሽታው ሳይሆን ስለሚወደው ወይም ስለሚፈራው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1348 ጥቁሩ ሞት አውሮፓን ሲያጭድ የፈረንሳይ ንጉሥ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ሊቃውንት ምክንያቱን ጠየቀ። ሊቃውንቱም ማርች 20 ቀን 1345፣ ከቀትር በኋላ፣ ሳተርን፣ ጁፒተርና ማርስ በአንድ ስፍራ ስለተገናኙ አየሩ ተበከለ ብለው መለሱ። ከሦስት ዓመት በፊት የተደረገውን የፕላኔቶች ቀጠሮ ከነሰዓቱ ያወቁ ሰዎች እግራቸው ሥር የሚሮጠውን አይጥና በላዩ ላይ የሚዘለውን ቁንጫ አላዩም። የበሽታውን ባክቴሪያ አሌክሳንደር የርሲን ሆንግ ኮንግ ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው።

የፓሪሶቹ እንኳ የከሰሱት ማርስን ነው፤ ማርስ አትታሰርም፣ አትቃጠልም። በሌላው ከተማ ግን “አይሁድ የውሃ ጉድጓድ መረዙ” ተባለ። የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 6ኛ፣ አይሁዱም እንደ ሌላው እየሞቱ ነው፣ አይሁድ በሌለበት አገርም በሽታው አለ ብለው በደብዳቤ ተከራከሩ። ከዚህ የሚቀል አመክንዮ የለም፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። ስትራስቡርግ ላይ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1349 በመቶዎች የሚቆጠሩ አይሁድ ተቃጠሉ። በዚያ ቀን በሽታው ስትራስቡርግ ገና አልደረሰም ነበር። ፍርዱ ቀድሞ ደረሰ።

ጎረቤት ሲጠፋ የሚከሰሰው አዲስ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ሲመጣ የኤሌክትሪክ መብራት እንግዳ ነገር ነበርና አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ በሽታው የሚበረታው መብራቱ በገባባቸው ከተሞች ነው ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1918 ኢንፍሉዌንዛ ዳግመኛ ዓለምን ሲያዳርስ ደግሞ አሜሪካና ጀርመን ጦርነት ላይ ስለነበሩ ባየር የተባለው የጀርመን ስም ያለው አስፕሪን ተጠረጠረ፤ “ተሕዋሱን ክኒን ውስጥ ከተውታል” ተባለ። ይህ ሲባል ያው በሽታ የጀርመንን ወታደር ምሽጉ ውስጥ እያጋደመው ነበር። ስሙም ቢሆን የፍርደ ገምድል ስም ነው። ስፔን በጦርነቱ ስላልገባች ጋዜጦቿ ሕመሙን ሳይደብቁ ጻፉ፤ የንጉሣቸውን መታመም ጭምር። ተዋጊዎቹ አገሮች ዜናውን ሲያፍኑ እውነቱን የተናገረችው ስፔን በሽታው በስሟ ተጠራ። ስፔኖቹ ራሳቸው ግን በዚያ ሰሞን ሁሉም ያዜመው ከነበረ ዘፈን ወስደው “የኔፕልሱ ወታደር” አሉት።

እኛ ዘንድ ያን ጊዜ የደረሰውን “የኅዳር በሽታ” አልነው፤ በመጣበት ወር መጥራታችን ከሁሉም ይልቅ ጨዋነት ነበረው። ለካስ ወርን መክሰስም ይቻላል፤ ወር አይቀየምም።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ ተራው የ5ጂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2020 በብሪታንያ በደርዘን የሚቆጠሩ የስልክ ማማዎች በእሳት ጋዩ፤ “ቫይረሱን የሚያሰራጨው ሞገዱ ነው” በሚል። ከተቃጠሉት አንዱ በበርሚንግሃም ለኮሮና ሕሙማን የተዘጋጀው ጊዜያዊ ሆስፒታል የሚገለገልበት ነበር። ሕመምተኛ ቢገባ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ የሚሰናበትበትን ማማ ያቃጠለው ሰው በልቡ ሕዝብ አዳኝ ነው።

ይህን ወሬ የያዘ ቪዲዮ እኛም ዘንድ ደርሷል። ከአሜሪካም ከአውሮፓም ያሉ ዘመዶቻችን ለሌላው ነገር ጊዜ ቢያጡም ለዚህ አላጡም። “ለቤተሰብ ሁሉ አስተላልፉ” የሚል ድምፅ፣ ከጀርባው የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው። አንድ ነገር ብቻ ማንም ልብ አላለም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። 5ጂ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። በሽታው አጓጓዡን ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞ በእግሩ መጥቷል ማለት ነው።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ በየዋህነት የተሳሳቱ ናቸው። በደመወዝ የሚሠሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1983 ኒው ዴልሂ ይታተም በነበረ “ፓትሪዮት” በተባለ ጋዜጣ ላይ ስም የለሽ ደብዳቤ ወጣ። ጸሐፊው ራሱን ታዋቂ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነኝ ብሎ፣ ኤድስን የፈጠረው ፔንታገን ነው፣ የተሠራውም ሜሪላንድ በሚገኘው በፎርት ዴትሪክ ላቦራቶሪ ነው ይላል። ደብዳቤው የኬጂቢ ሥራ ነበር። ሁለት ዓመት ዝም ተብሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1985 አንድ የሞስኮ ጋዜጣ “የሕንድ ጋዜጣ እንደዘገበው” ብሎ አነሳው። ራስ ጽፎ፣ ለሌላ አስይዞ፣ ተመልሶ እሱን ምንጭ አድርጎ መጥቀስ! የእኛ ሰፈር ወሬ ይህን ብልሃት ከጥንትም ያውቀዋል፤ “እኔ አላልኩም፣ እነ እንትና ቤት ሲያወሩ ሰምቼ ነው” ከማለት በምን ይለያል?

ቀጥሎ ፕሮፌሰር ተገኘለት። ያኮብ ሴጋል የተባሉ ጡረታ የወጡ የምሥራቅ በርሊን የባዮፊዚክስ ሊቅ ነገሩን በሳይንስ ቋንቋ አለበሱት። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1986 ሐራሬ ላይ በተካሄደው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ላይ ታደለ። በሚቀጥለው ዓመት ወሬው ከ80 በሚበልጡ አገሮችና ከ30 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተሰራጭቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የሩሲያ የውጭ ስለላ ኃላፊ የነበሩት የቭጌኒ ፕሪማኮቭ፣ አዎ፣ የእኛ ሥራ ነበር ብለው አመኑ። ማመናቸውን ግን ማንም ለቤተሰብ ሁሉ አላስተላለፈውም።

ወሬው ለምን እንደሰመረ መረዳት አይከብድም። ሐራሬ ላይ ወረቀቱን የተቀበለው አፍሪካዊ “ኤድስ ከአፍሪካ ነው የመጣው” እየተባለ፣ በየአውሮፕላን ማረፊያው በጥርጣሬ እየታየ የከረመ ሰው ነው። ያ ወረቀት ማስረጃ ሳይሆን ክብር ነበር የሰጠው። ፎርት ዴትሪክም ቢሆን ከአየር የተፈጠረ ስም አይደለም፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 1969 ድረስ የባዮሎጂ መሣሪያ ታዘጋጅበት የነበረ ቦታ ነው። ሐሰት ሙሉ በሙሉ ሐሰት ሆኖ ሩቅ አይሄድም።

ይሁንና ቫይረሱ ዘሩ ሲቆጠር ሌላ ነገር ይናገራል። ኤች.አይ.ቪ. በደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ከቺምፓንዚ ወደ ሰው ተሻገረ፤ አደን፣ ደም፣ ምናልባት የተቆረጠ ጣት። ከዚያ በወንዝ ወደ ኪንሻሳ ወርዶ እዚያ ተራባ። ኪንሻሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ከተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ቫይረሱ ተገኝቷል፤ በእነዚህ ናሙናዎች መካከል ያለው ልዩነት ሲሰላ ወደ ሰው የተሻገረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዙሪያ እንደሆነ ያሳያል። ፔንታገን የሚባለው ሕንፃ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ኬጂቢም በዚህ ስሙ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ቫይረሱ ከሳሹንም ተከሳሹንም በዕድሜ ይበልጣቸዋል።

እዚህ ላይ ሳቄን ልሰብስብ። እ.ኤ.አ. በ2000 የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤች.አይ.ቪ. ኤድስን አያመጣም የሚሉትን ፒተር ዱስበርግንና መሰሎቻቸውን አማካሪ ቡድን ውስጥ ከሐኪሞች እኩል አስቀመጡ። የጤና ሚኒስትሯ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቀይ ሥር ይመክሩ ነበር። መድኃኒቱ ዘገየ። በኋላ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት በዚያ መዘግየት ከ330,000 በላይ ሰው ሞቷል። የቡና ላይ ትንታኔ ቤተ መንግሥት ሲገባ ሒሳቡ እንዲህ ነው።

“እና ባለሥልጣን ያለውን ሁሉ እንመን?” የሚለኝ አይጠፋም። አይ፣ እሱም ሌላ የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ሄይቲ ውስጥ፣ ኮሌራ በማይታወቅበት አገር፣ ኮሌራ ተነሳ። የወንዙ ዳር ሰዎች “ከላይ ያሉት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ፍሳሻቸውን ለቀውብን ነው” አሉ። ድርጅቱ ካደ። ሬኖ ፒያሩ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ወንዙን፣ ሰፈሩን፣ ቀኑን አገጣጥሞ ሰዎቹ ልክ እንደሆኑ አሳየ፤ የባክቴሪያው ዘርም ወታደሮቹ ከመጡበት ከኔፓል ባክቴሪያ ጋር ገጠመ። ዋና ጸሐፊው ባን ኪ ሙን ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ እስከዚያ 10,000 ያህል ሰው ሞቶ ነበር። የሄይቲዎቹ ክስ ቱቦ ነበረው፣ ወንዝ ነበረው፣ ቀን ነበረው። ሄዶ አይቶ “ውሸት ነው” ማለት ይቻል ነበር። ሄደው አዩ፤ እውነት ሆነ።

እኛም የራሳችን አለን። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያኖች ለጦራቸው ከሕንድ ወደ ምፅዋ ባመጧቸው ከብቶች የገባው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጅቶ ክፉ ቀንን ወለደ። ባዕድ አመጣብን ቢባል ልክ ነው። ማንም ግን አስቦ፣ ዶልቶ፣ በሚስጥር አላመጣውም፤ ሥጋ የፈለገ ጦር የታመመ ከብት ጫነ። ሤራ ፈላጊውን የሚያናድደው ይህ ነው። ግዴለሽነት ባለቤት የለውም፣ ፊልም አይሠራበትም።

የኮሮናም ነገር ገና አልተዘጋም። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት አብዛኛው ያለው ማስረጃ ከእንስሳት መሻገሩን ይደግፋል ብሏል፤ ቻይና የተጠየቀችውን መረጃ ሁሉ ስላልሰጠች ግን “ከላቦራቶሪ አምልጦ ይሆን?” የሚለውን ጥያቄ መዝጋት አልቻለም። “ገና አላወቅንም” ማለት እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ደረቅ፣ አሰልቺ፣ ቡና የማያጣጥም።

የሩቁን በሽታ ምንጭ እንዲህ ከነዝርዝሩ የምናውቅ ሰዎች ደጃችን ያለውን ስንመረምር ደግሞ እዩን። በማንኛውም ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አንድ መስኮት ከፈት ይደረግ። ያን ጊዜ ሰላማዊ ሰልፍ ይነሳል። “ኧረ ዝጋው ልጄ፣ ብርድ ልታስመታን ነው!” “ንፋሱ በጎን ይገባል!” አፏን በነጠላዋ የሸፈነች እናት ፊቷን ወደዚያ ታዞራለች። ረዳቱ በዚህ ብቻ ከተሳፋሪው ጋር ይስማማል፤ በመልስ ግን አይስማማም። መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ከደረቱ ሥር እየሳበ ይስላል፤ ለእሱ ማንም አይዞርም። ሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ የሚመቸውም የታፈነ ቤትና የታፈነ መኪና ነው። አገራችን ደግሞ በሽታው ከጸናባቸው የዓለም አገሮች መዝገብ ውስጥ አለች። እኛ ግን የምንፈራው የሚስለውን አይደለም፤ ንጹሑን አየር ነው።

በ2012 ዓ.ም. “መስኮት ይከፈት” የሚል መመሪያ ሲወጣ ዝንጅብል አፍልቶ፣ ፌጦ በጥብጦ የጠጣው ሰው ሁሉ በዚህ ላይ ጸና። ጭንብሉን አገጩ ላይ አድርጎ መስኮቱን ዘጋ። ለጅራታም ኮከቡ ጆሮ የሰጠ ሰው ለመስኮቱ እጁን ነፈገ።

ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ከኮከብ የመጣ በሽታ፣ ፔንታገን የሠራው በሽታ፣ ሞገድ ያሰራጨው በሽታ ከእኛ የሚፈልገው ነገር የለም። እጅ ታጠብ አይልም፣ ሲያምህ ልቅሶ ቤት ሄደህ ሰው አትሳም አይልም፣ የታመመች ላም አርደህ አትብላ አይልም። መናደድ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ እሱ ደግሞ ነፃ ነው።

የኅዳሩ በሽታ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን እናጥናለን። ያን ጊዜ ሰው የተያዘው ከቆሻሻ ክምር አልነበረም፤ ካጠገቡ ከሳለ ሰው ነበር። ፅዳቱ ደግ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ላስቲኩን፣ ጎማውንና ያረጀ ጫማውን ጨምረን ስናነደው ግን የሳንባ በሽታን የምናስታውሰው ከተማውን ሙሉ በማሳል ነው። በዚያ ማታ ሳል ሲበዛ ደግሞ ጥፋቱ የታወቀ ነው፤ “የኅዳር ብርድ መታኝ።”

ሌላ በሽታ መምጣቱ አይቀርም። የዱር አራዊት እስካሉ፣ እኛም ጫካቸውን እስከገፋን ድረስ ቫይረስ ከእነሱ ወደ እኛ መሻገሩ አይቆምም። ሲመጣ ከየት እንደመጣ የሚያጣሩ ሰዎች አሉ፤ ዋሻ ይገባሉ፣ ኩስ ይዝቃሉ፣ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ ታገሷቸው። እናንተ ግን ተሳፋሪዎች፣ እስከዚያው እባካችሁ ያቺን መስኮት ክፈቱልን።